ክፍል 43፦ «ምንም አይደለም» አልኩት

እሺ፣ መቅዳት ጀምሯል መሰለኝ። ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የታንኳውን ነገር ልጨርስላችሁ ነበር። ደንገሉን ከየት እንደሚያጭዱት፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ፣ ሁሉንም ጽፌ አስቀምጬ ነበር። ለሳምንት ይቆየን። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ልቤ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አውራ ዶሮውም አለ፣ ትሰሙታላችሁ፤ እንደለመደው ይጩህ።

ወረንጦው የለም። የአባዬ ወረንጦ።

ያለፈውን ክፍል የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ደምበጫ ሄጄ፣ አጥር ስናጥር የግራር እሾህ ወግቶኝ... እሱ። አባዬ ከአንገቱ አውልቆ የሰጠኝ። «ዓይኔ አይለይልኝም፣ አንተው ንቀሰው» ብሎ። ነቅሼ ስመልስለት ደግሞ «ያዘው፣ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል» ያለኝ። ስንቶቻችሁ ጻፋችሁልኝ! «አያቴም ነበራቸው» ያላችሁኝ አላችሁ። «እኛ ቤት እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ» ያለችኝም አለች። እና ያ ወረንጦ አሁን አንድ አየር ማረፊያ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ወይም ከዚያም ወጥቶ ተጥሏል። የትኛው አየር ማረፊያ እንደሆነ አልናገርም። ፈታሹ ልጅ ሥራውን ነው የሠራው። በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ማክሰኞ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩ ትዝም አላለኝ። የጎን ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ከቻርጀሩ ጋር። አለፈ። ሐሙስ ስመለስ ተያዘ። ያው ቦርሳ፣ ያው ኪስ። እንዲህ ያለው ነገር የፈታሹ ውሳኔ ነው። አንዱ አይቶ ያልፈዋል፣ ሌላው አይቶ ይይዘዋል። ማሽኑ ላይ ብረት ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው። ማሩ፣ ቅቤው፣ ዳቦው፣ ልብሱ ብርቱካንማ ይመስላል። እና በእኔ ቦርሳ ብርቱካንማ ጋቢ መሀል አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየች ማለት ነው። ጣት የምታህል።

ቦርሳዬ ገባ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ገባ። ያቺን ወደ ኋላ መመለስ ታውቋታላችሁ። ሆድ ባር ባር የምታስብል ነገር ናት። «ይቺ ቦርሳ የማን ናት?» አለ። «የእኔ» አልኩ። በካልሲ ነው የቆምኩት። ጫማዬም ቀበቶዬም ግራጫዋ ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዣለሁ። ጋቢውን አወጣ። ቆሎውን አወጣ። ቻርጀሩን አወጣ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ እጁን ሰዶ እሱን አወጣው፣ ክሩን ይዞ።

መብራት ላይ አደረገው። አባዬ አንገት ላይ እያለ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሁለቱን እግሮች ጫን አደረጋቸው፣ ገጠሙ፤ ለቀቃቸው፣ ተከፈቱ። እንደገና ጫን አደረገ። ከዚያ አብራው የታሰረችዋን መንቀሻዋን አገኛት። መርፌ የመሰለችዋን። በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ምንም አይደለም» አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል።

አራት ሌሊት ሆነኝ ይቺ ነገር ስትመላለስብኝ። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ወረንጦ ነው ማለት እችል ነበር። የአባቴ ነው ማለት እችል ነበር። ልጁ የባላገር ልጅ ይመስለኛል፣ አነጋገሩ የእኛው ነው፤ ወረንጦ ብለው ያውቀዋል። ምናልባት ያው ይወስደዋል፣ ሕግ ነው። ግን አውቆት ይወስደዋል። እኔ ግን ምንም አይደለም አልኩ።

«ለምን ይሆናል?» አለ። «ለእሾህ» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምን?» አለ፣ አልሰማኝም። «ለእሾህ።» ያኔ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ተነፈሰች። እህህ አለች። አልተሳደበችም፣ ምንም አላለችም፣ ተነፈሰች ብቻ።

«ወንድሜ፣ ይቺ ሹሏ አታልፍም» አለኝ። «ሸኚ ካለህ ስጠው። ካልሆነ ተመልሰህ ከሻንጣ ጋር ታስገባዋለህ።»

ሸኚ ነበረኝ እኮ! ያደረሰኝ ልጅ ገና አምስት ደቂቃው ነው። ደውዬ ተመለስ ብለው ይመለሳል፤ እሱ አይለግምም። ስልኬ ሳፋው ውስጥ ነው፣ ፊቴ። አልደወልኩም። ለአንድ ቁራጭ ብረት ሰው ከመንገድ አይመለስም ብዬ አሰብኩ መሰለኝ። ወይ አላሰብኩም። እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ሱሪዬና ስለ ሴትዮዋ ነው።

አክስቴን አስታወሰኝ። ስለ እሷ ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ። ልጇን ልትጠይቅ ውጭ አገር ስትሄድ ንጥር ቅቤ ይዛ ነበር፣ በእጅ ቦርሳዋ። ከዚህ ይዛው ወጣች። መሸጋገሪያው ላይ ግን እንደገና ፍተሻ አለ፣ እዚያ ያዟት። የፈሳሹ ሕግ ነዋ። አብዛኛው አየር ማረፊያ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይያዝም። ቅቤ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ማርም እንደዚያው፣ ማንኪያ እስከማይገባበት ቢረጋ እንኳ። በእጅ ቦርሳ ፈሳሽ መከልከል የጀመረው በነሐሴ 1998 ነው። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ ይዘው ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ሊያፈነዱ የነበሩ ሰዎች ለንደን ላይ ተይዘው ነው። ለአክስቴ ይሄን ማን ይነግራታል? ቋንቋውን አታውቅ። በምልክት ጣዪው አሏት። እሷ ምን አደረገች? ክዳኑን ከፈተች። ሻሿን ፈታች። በእጇ ዝቃ አናቷ ላይ አደረገችው፣ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ። «ከሚጣል አናቴ ይጠጣው» አለች።

የተረፈውን ወሰዱባት። ግን አናቷ ጠጥቷል። ልጇ ስትቀበላት አንገቷ ሥር ገብታ ስታለቅስ የቅቤው ሽታ ነው መጀመሪያ ያገኛት። እስከ ዛሬ ይሄንን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል።

አክስቴ ምንም አይደለም አላለችም። ይሄው ነው ልል የፈለግኩት። ወይም... እንጃ፣ ቅቤና ብረት አንድ አይደለም። ብረት አናት አይጠጣውም።

ሌላም ሳስብ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1994። አሜሪካ አውሮፕላኖቹ የተጠለፉበት ቀን እኮ የእኛ እንቁጣጣሽ ነው። እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ከቀኑ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። የሳልኳትን አበባ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር ውዬ፣ ድፎ ዳቦ በልቼ፣ ሳንቲሜን እየቆጠርኩ ነበር። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቢላ ይዞ አውሮፕላን መግባት ይፈቀድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው መርፌውም፣ መቀሱም፣ ጥፍር መቁረጫውም እንደ ጠላት መታየት የጀመረው። ኋላ ላይ አንዳንዱን መለሱት፤ አውሮፓ ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መቀስ ያልፋል። እና ያን ዕለት ማታ፣ ሳንቲሜን ቆጥሬ ስሮጥ አጋም ወጋኝ። ያን ዕለት ይሁን ሌላ ቀን እንጃ፣ ግን በእኔ ጭንቅላት ያን ዕለት ነው።

አባዬ ኩራዙን አስጠጋ። እግሬን ጉልበቱ ላይ አደረገው። ተረከዜን በምራቁ አራሰና በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ አፈሩ ሲለቅ ጥቁሯ ነጥብ እንድትታይ። ከዚያ ከአንገቱ ሳያወልቀው ጎንበስ አለ። ክሩ አጭር ስለሆነ ፊቱ እግሬ ላይ ሊደርስ ነው፤ ትንፋሹ ይሞቀኛል። መጀመሪያ በመንቀሻዋ ዙሪያዋን ጫር ጫር ያደርጋል። «አትነቃነቅ» ይላል። እኔ አለቅሳለሁ ገና ሳይነካኝ። ከዚያ ወረንጦው ገባ፣ ጫን አለ፣ ወጣ። እሾኋን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይቺ ናት ያስለቀሰችህ» አለኝ። ትንሽ ነገር። የጤፍ አገዳ ስብርባሪ የምታክል።

ቆይ... ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ምን እያልኩ ነበር? ሣጥኑ። የመስታወት ሣጥን ነው፣ ከላዩ ቀዳዳ ያለው። ውስጡ መቀስ አለ፣ ላይተር አለ፣ ሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ አለ፣ አንድ ቀይ እጀታ ያለው ጠመንጃ መፍቻ አለ። ብሎን መፍቻ ማለቴ ነው፤ እኛ ሰፈር ጠመንጃ መፍቻ ነው የሚሉት። የሰው ሁሉ ዕቃ። እነዚያስ የማን ናቸው? ያ ቢላዋ እናት ለልጇ የሰጠችው ይሆን? ይሄን ያሰብኩት ግን አሁን ነው። ያኔ አላሰብኩም።

ያኔ ልጁ ወረንጦውን ቀዳዳው ላይ ይዞ ቆመ። አልጣለውም። ቀና ብሎ አየኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

ይቺ ናት ያልነገርኳችሁ። ጠይቆኛል እኮ። ሰልፉ ያን ያህል ረዝሞ፣ ሴትዮዋ እየተነፈሰች፣ እሱ ቆሞ ጠየቀኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ይሆናል። ዕድል ሰጠኝ። እኔ ደግሞ «ጣለው፣ ምንም አይደለም» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ።

ቃ አለ። ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ። ክሩ ትንሽ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር፣ ጥቁሩ ክር። በጣቱ ገፋ አደረገና አስገባው።

አፍሬበት ነው? እህቴ እንደዚያ ነው ያለችኝ። «አፍረህበት ነው» አለች። እኔ አይመስለኝም። ከየት እንደመጣሁ ስናገር አፍሬ አላውቅም፣ እናንተ ምስክሬ ናችሁ፤ 43 ክፍል ሙሉ ስለዚያ ቤት ነው የማወራው። ግን ማይክ ፊት ሌላ ነው፣ በካልሲ ቆሞ ደግሞ... እንጃ። ተዉት እሱን።

አዲስ ማሠራት ይቻላል። ቅዳሜ ገበያ የሚያውቁኝ ባለሙያ አሉ፣ የሚቀጠቅጡ። አሳያቸው የነበረው ግን እሱን ነበር። ደግሞ አባዬ ዓይኑ ነው እንጂ የደከመው ጣቱ አልደከመም። አንዱ እግሩ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት፣ ከስንት ዓመት መያዝ የተበላ። ያንን ማን ይሠራዋል?

ትናንት ደወለ። እሑድ እሑድ እንደሚደውለው። «እግርህስ?» አለኝ።

«ድኗል» አልኩ።

ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ላሟ አወራን። ልንዘጋ ስንል «ወረንጦውን» አለኝ፣ «ዘይት ነገር ቀባ ቀባ አድርገው። ባሕር ዳር እርጥብ ነው፣ ይዝግብሃል።»

እሺ አልኩት።

እሺ ነው ያልኩት እኮ። ለመስቀል እመጣለሁም ብዬዋለሁ። እስከዚያ... እስከዚያ እንግዲህ...

ዶሮው ዝም አለ፣ ሰማችሁ? ቆይ፣ ልዝጋው ይሄን።