ከድንኳኑ በፊት ድስቱን እንይ፦ በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ ሊቀመንበራችን፣ የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ከቦሌ አራብሳም ከገላን ጉራም ታክሲ እየቀያየራችሁ እዚህ ፒያሳ ድረስ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ እድሩ አልፈረሰም!

ዛሬ የቆምኩት "ስለ ጤናማ አመጋገብ ትንሽ ተናገሪ" ተብዬ ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ ነው እንጂ ንግግር አዋቂ ሆኜ አይደለም። አትክልት ብሉ፣ ፍራፍሬ ብሉ ብዬ የምወርድ መስሏችሁ ይሆናል። አትክልት ተራ ከአጠገባችን ከተነሳ ወዲህ የፍራፍሬ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ እሱን ልተወው። የመጣሁት ስለ እድራችን ወጥ ቤት ልናገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችንን ቀበርን። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ቀብር ላይ ነበራችሁ። ደም ግፊት ነበረበት። "ዛሬ ደህና ነኝ" ባለ ቁጥር ኪኒኑን ይተወዋል። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ የአንጎሉን ደም ሥር ይጎዳዋል። እሱንም ስትሮክ መታው፤ አልተነሳም።

ድንኳን ተተከለ። እኔም እንደ ደንቡ ነጠላዬን አደግድጌ ወጥ ቤት ገባሁ። ትልቁ ብረት ድስት ተጥዷል። ሽንኩርቱ ገና እሳት ሳይነካው ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ተዘቀዘቀበት። ያ በብርድ ጠዋት የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው ዓይነት ስብ ነው። "ኧረ በዛ!" ብል "ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ለቀስተኛው ያማናል" ተባልኩ። ከዚያ ማጣፈጫው ገባ። ማጣፈጫው ራሱ ጨው የበዛበት ነው። በእሱ ላይ ደግሞ ጨው ተጨመረ። በግፊት የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ!

እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሠሩት? ቁሌቱ እኮ መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚማሰለው። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ቀስ እያሉ። ዘይቱ በኋላ ነው የሚገባው፣ ያውም በልክ። ጊዜ ይወስዳል፣ ከሰል ይፈጃል፣ ክንድ ያዝላል። እኛ ያንን ድካም በዘይት ገላገልነው።

ይኼ የወጥ ቤቱ ነው። ወደ ድንኳኑ ልግባ። የሟቹ ባለቤት ስኳር አለባት። እስከ ሰልስቱ ድረስ ለስላሳ ስንግታት ሰነበትን። "ጠጪ እንጂ፣ ጉልበት ይሆንሻል፣ በሞቴ!" አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከፍትላታል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። 7 የሻይ ማንኪያ በሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚጨመር ስኳር ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እህታችንን ከሰልስቱ በኋላ ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ሮጥን። ተረፈች፣ ተመስገን። ግን ሁለተኛ ድንኳን ልንተክል ነበር!

ይኼን ለኮሚቴው ሳቀርብ ምን ተባልኩ? "አንቺ ደግሞ ለለቀስተኛ ውሃ አቅርቡ ልትዪን ነው?" ተብሎ ተሳቀብኝ። አዎ፣ ውሃ! ምን ነውር አለው? ንፍሮስ የት ሄደ? የለቅሶ ምግብ ንፍሮ አልነበረም? ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው አሰር (ፋይበር) አለው፣ ያጠግባል፣ የደም ስኳርንም እንደ ለስላሳ በአንዴ አያንረውም። እኛ ግን ንፍሮ ድሃ ያስመስላል ብለን ሳጥን ሙሉ ለስላሳ እንደረድራለን። ለማን ልንታይ ነው?

እድራችን ድንኳን አለው። ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጥሩምባ ሳይቀር አለው። አንዲት የደም ግፊት መለኪያ ግን የለውም! ስንሞት ለመቅበር እናዋጣለን፣ እንዳንሞት ግን አምስት ሳንቲም አናዋጣም! ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እጥበት የሚሄድ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤተሰቡ ጥሪቱን ከጨረሰ በኋላ ነው የእኛ ድንኳን የሚደርስለት።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሊቀመንበራችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በጤፍ እንጀራ ግሩም ምግብ ነው፤ በጾም ሰበብ ዘይት አታጠጡት እንጂ። ሺፈራው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ለምትሉኝ፣ ብሉ። ግን ኪኒናችሁን እንዳትተዉ።

ሁለት ሐሳብ ጽፌ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በእድሩ ድንኳን በለስላሳ ፋንታ ንፍሮና ውሃ ይቅረብ፤ የወጥ ዘይትም በልኬት ይሁን። ሁለተኛ፣ ከተረፈው ገንዘብ የግፊት መለኪያ ይገዛ። በየወሩ መዋጮ ስትከፍሉ እኔው ራሴ እለካችኋለሁ፣ በነጻ። አምና እንደተደረገው "በኮሚቴ ይታይ" ተብሎ እንዳይቀበር፣ ዛሬውኑ እጅ ይቆጠርልኝ።