ቀለበቱን ማን ይስጥ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሏል።)

ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት በጳጳስ ሹመት ከሮማ ጋር የተጣሉት ለምንድን ነው? መንፈሳዊ ሹመት ለንጉሥ ምኑ ነው?

መልስ፦ በጀርመን ምድር ጳጳስ ቀዳሽ ብቻ አልነበረም። ሰፊ ርስት ያስተዳድራል፤ ንጉሡ ሲዘምትም ፈረሰኛ ያሰልፋል። የመስፍንን ርስት ልጁ ይወርሰዋል፤ ጳጳስ ግን ሕጋዊ ወራሽ ስለሌለው መንበሩ ተመልሶ ንጉሡ እጅ ይገባል። ስለዚህ ንጉሡ ለሚያምነው ሰው ቀለበቱንና የእረኝነት በትሩን በገዛ እጁ ይሰጥ ነበር። ቀለበቱ ጳጳሱ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተጋባበት ምልክት ነውና፣ ያልተካነ ሰው ሊሰጠው አይገባም ብሎ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 7ኛ ተነሣ። በዚህ ነጥብ እኔም ከጎርጎርዮስ ጋር ነኝ፤ መንበር በገንዘብ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር።

ጥያቄ፦ ንጉሥ በብርድ በባዶ እግሩ ቆሞ ይቅርታ ለመነ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በጣሊያን ከተማ በሚላኖ የራሱን ሰው ጳጳስ አድርጎ ሲሾም ነገሩ ከረረ። በጥር 1076 በጀርመን ከተማ በዎርምስ ጳጳሳቱን ሰብስቦ ጎርጎርዮስን «ሐሰተኛ መነኩሴ» ብሎ ጻፈበት። በወሩ ጎርጎርዮስ አወገዘው፤ ከውግዘቱም የከፋው ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላ መፍታቱ ነበር። መኳንንቱም በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ከውግዘቱ ዓመት ሳይሞላ ካልተፈታ ንጉሣችን አይደለም አሉ። ሄንሪ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ አልፕስን በበረዶ ተሻገረ። በጥር 1077 በሰሜን ጣሊያን በካኖሳ፣ ጎርጎርዮስ ባረፈበት በእመቤት ማቲልዳ ምሽግ ደጃፍ፣ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ፣ ሱፍ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሦስት ቀን ቆመ። ይህን ጎርጎርዮስ ራሱ ለጀርመን መኳንንት ጽፎታል፤ አብረውት የነበሩት «ይህስ ጭካኔ ነው» እያሉ እንደ ወቀሱትም አልደበቀም። ንስሐ የገባን ሰው ካህን አይመልስምና በመጨረሻ ፈታው።

እርቁ አልጸናም። ሄንሪ በ1084 ሮማን ያዘ፤ ጎርጎርዮስም በዓመቱ በስደት ሳሌርኖ ላይ ሞተ። ነገሩ የተቋጨው በ1122 በዎርምስ ስምምነት ነው፤ ቀለበትና በትሩ ለቤተ ክርስቲያን ሆኑ፣ ንጉሡ ደግሞ ስለ ርስቱ በትረ መንግሥት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በእኛ አገርስ?

መልስ፦ በእኛ ጥያቄው ሌላ ነበር። ጳጳሱ ከእስክንድርያ ስለሚመጣ ንጉሡ ማስመጣት እንጂ መሾም አይችልም ነበር፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪላክ ዓመታት ያልፉ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው።