ፍላት ታክስ፣ ሹሩባ እና የዮናስ ሰባት አሳማዎች

ሂሩት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት ስለ አሜሪካዋ ስቴት ስለ አዮዋ ነው የምናወራው። ግብሩን ቆርጠዋል፣ መሥሪያ ቤቶቹን አጥፈዋል፣ ደንቦቹን እየከለሱ ነው። ዮናስ እዛ አራት ዓመት ኖሯል። እኔ ደግሞ ለሰው ታክስ ስለምሠራ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከ3.8 ፐርሰንቱ የገቢ ግብር እንጀምር።

ዮናስ፦ ከመጀመርሽ በፊት አንዲት ጥያቄ። አዮዋ ውስጥ ለአንድ ሰው ስንት አሳማ ይደርሰዋል?

ሂሩት፦ ይኸው ጀመረው።

ዮናስ፦ ሰባት! ሕዝቡ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። አሳማው 23 ሚሊዮን ምናምን። አካፍይው። እኔ ምግብ ቤት ገብቼ «ይሄ አሳማ የለውም አይደል?» እያልኩ አስተናጋጅ የማሰለች ሰውዬ፣ በስሜ ሰባት አሳማ ነበረኝ።

ሂሩት፦ (ሳቅ) ንስሐ አባትህ ያውቃሉ?

ዮናስ፦ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? በስታቲስቲክስ ነው ልበል?

ሂሩት፦ እሺ፣ ሰባቱ ይቆዩልን። 3.8።

ዮናስ፦ እሺ በይ።

ሂሩት፦ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ በ2018 ትልቁ የአዮዋ የገቢ ግብር 8.98 ፐርሰንት ነበር። ዘጠኝ እርከን ነበረው። በ2022 ገዥዋ ኪም ሬይኖልድስ የሚቀንሰውን ሕግ ፈረመች፤ በ2024 ደግሞ የሚያፋጥነውን። በየዓመቱ ዝቅ እያለ መጣና ከ2025 ጀምሮ ሁሉም ሰው 3.8 ሆነ። ፍላት ታክስ የሚባለው ይሄ ነው። ሀብታሙም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም።

ዮናስ፦ እኔ ግን ስለ አዮዋ ደንብ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ግብሩ አይደለም። የእህቴ ሹሩባ ነው።

ሂሩት፦ ይሄን ታሪክ ለእኔም ነግረኸኝ አታውቅም።

ዮናስ፦ እህቴ እጇ ወርቅ ነው። አገር ቤት እያለች ሠፈሩ ሁሉ ለጥምቀት፣ ለሰርግ እሷ ጋ ነበር የሚሰለፈው። አዮዋ ስትመጣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ እያስቀመጠች ለጓደኞቿ ትሠራ ጀመር። አንድ ቀን ወደ አንድ ሳሎን ሄዳ «ወንበር አከራዩኝ» አለች። ባለቤቷ «ላይሰንስሽስ?» አለቻት። የምን ላይሰንስ? የኮስሞቶሎጂ፣ የውበት ሥራ። ስንት ሰዓት ትምህርት መሰለሽ?

ሂሩት፦ እንጃ፣ 300?

ዮናስ፦ 2,100።

ሂሩት፦ አትለኝም!

ዮናስ፦ 2,100 ሰዓት! በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትማሪ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀሪ ማለት ነው። ምን ይማራሉ? ኬሚካል፣ ጥፍር፣ ቀለም። ሹሩባ የሚያስተምር የለም። እህቴ «አስተማሪዋን እኔ ላስተምራት?» አለች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ እያለቀሰች ነበር።

ሂሩት፦ ውይ።

ዮናስ፦ ከዛ በ2015 ሁለት ሹሩባ ሠሪዎች ስቴቱን ከሰሱት። «መቀስ አልያዝን፣ ኬሚካል አልነካን፣ ጸጉር ጎነጎንን እንጂ» ብለው። በዓመቱ፣ በ2016፣ ሕጉ ተቀየረ። ሹሩባ ከኮስሞቶሎጂው ወጣ። መመዝገብ ብቻ በቃ። እህቴ የዚያን ቀን ዶሮ ሠራች። ሰኞ ቀን! በዓል የለ ምን የለ።

ሂሩት፦ እና አየህ፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው። ደንብ ሲቀንስ ጥሩ ነው። ግብሩም እንደዛው።

ዮናስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሁለቱን አታጣብቂያቸው። ምክንያቱም አሳማዎቼ አሉ።

ሂሩት፦ ወይ ጉድ፣ ተመለሱ።

ዮናስ፦ አሳማዎቹ ማትሪክ እንደሚፈተኑ ታውቂያለሽ?

ሂሩት፦ ምን?

ዮናስ፦ በእግዜር! ስሙም «ማስተር ማትሪክስ» ነው። ሕጉ የወጣው በ2002 ነው። አንድ ሰው 2,500 እና ከዛ በላይ አሳማ የሚያደልብበት ቤት ልሥራ ካለ፣ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ከፈለገ በዚህ ፈተና ያልፋል። 44 ጥያቄ አለው። ከሰው ቤት ምን ያህል ይርቃል? ከወንዝስ? ፍጉን የት ይደፋል? ጠቅላላው 880 ነጥብ ነው። ማለፊያው ስንት መሰለሽ?

ሂሩት፦ አታስጨንቀኝ፣ ንገረኝ።

ዮናስ፦ 440። ሃምሳ ፐርሰንት!

ሂሩት፦ (ሳቅ) እንደ እኛ!

ዮናስ፦ እንደ እኛ! በእኛው የ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ልጆቻችን ሲፈተኑ ከመቶ ሦስት ምናምኑ ናቸው ሃምሳ ያመጡት። የአዮዋ አሳማ ግን አብዛኛው ያልፋል። ሠፈርተኛው ሽታውን አልቻልነውም ብሎ ካውንቲው ቢሮ ተሰልፎ ይጮሃል። የካውንቲው ሰዎችም ልባቸው ከሠፈሩ ጋ ነው። ግን ወረቀቱ 440 ካመጣ ማስቆም ይከብዳቸዋል። የመጨረሻው ውሳኔ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። ደግሞ የእርሻ ቤት፣ የት ምን እንደሚሠራ ከሚወስነው ከካውንቲው የዞን ሕግ ነጻ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ጎተራ ሲሠራ እንደ ከተማ ሰው ፈቃድ አይለምንም።

ሂሩት፦ ገበሬ ስለሆነ ነዋ። እህል የሚያበላው እሱ ነው።

ዮናስ፦ እኔ ገበሬውን አልጠላም። አባቴ ገበሬ ነው። እህቴ ግን ለአንዲት ራስ ሹሩባ 2,100 ሰዓት ተጠየቀች። 2,500 አሳማ በሃምሳ ፐርሰንት ያልፋል። ይሄን ለማን ልንገረው?

ሂሩት፦ (ሳቅ) ለንስሐ አባትህ።

ዮናስ፦ እህቴ ሹሩባዋን በማትሪክስ ብትፈተን 880 ከ880 ታመጣ ነበር።

ሂሩት፦ በቃ፣ በቃ። ወደ ግብሩ። ሰዎች ፍላት ታክስ ለሀብታም ነው ይላሉ። እኔ ግን ደንበኞቼን ሳይ እንደዛ ብቻ አይደለም። 8.98 የሚባለውም ሙሉ 8.98 አልነበረም። ድሮ ለፌደራል የከፈልከውን ግብር ከገቢህ ላይ ቀንሰህ ነበር ለአዮዋ የምትከፍለው። ከ2023 ጀምሮ ያ ቀረ። ስለዚህ ልዩነቱ ሲያዩት የሚያክለውን አያክልም። ደግሞ የጡረታ ገቢ 55 ዓመት ለሞላው ሰው ከ2023 ጀምሮ ከስቴት ግብር ነጻ ነው። ይሄ ለሀብታም ብቻ ነው?

ዮናስ፦ ድሮ ትንሽ የሚያገኘው ከአንድ ፐርሰንት በታች ነበር የሚጀምረው። አሁን 3.8። ከላይ ያለው ከዘጠኝ ወደ 3.8 ወረደ። ማን ነው የበለጠ ያተረፈው?

ሂሩት፦ መጀመሪያ ፌደራሉ ለሁሉም የሚፈቅደው ተቀናሽ ይነሳል፤ ይሄ ቀረ ካልኩት የተለየ ነው። ከዛ በኋላ ነው 3.8 የሚመጣው። ግብር የሚከፈልበት ገቢህ 40,000 ከሆነ 1,520 ዶላር ነው። በጣትህ ትቆጥረዋለህ።

ዮናስ፦ መቁጠሩ ቀላል ነው፣ አልካድኩም። ግን ያተረፈው ማን ነው?

ሂሩት፦ …ከላይ ያለው በልጦ አትርፏል። እሺ። ግን ሁሉም አትርፏል ባይ ነኝ።

ዮናስ፦ «ባይ ነኝ»ን ያዙልኝ አድማጮች።

ሂሩት፦ (ሳቅ) ያዙልኝ እኔም። ስለ ገበሬው አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ደስ ይለኛል። ጡረታ የወጣ ገበሬ 55 የሞላው ከሆነና ቢያንስ አሥር ዓመት ካረሰ ምርጫ አለው። ወይ የመሬቱ ኪራይ ነጻ ይሆንለታል፣ ወይ መሬቱን ሲሸጥ ያገኘው ትርፍ። ሁለቱንም አይደለም። አንዴ ከመረጠ ደግሞ መመለስ የለም።

ዮናስ፦ እንደ ጋብቻ።

ሂሩት፦ ከጋብቻም ይብሳል። የመሬቱ ግብርስ? እሱ ለትምህርት ቤትና ለካውንቲ ነው የሚገባው። የእርሻ መሬት የሚገመተው በገበያ ዋጋው አይደለም። በሚያወጣው ምርት ነው። የአምስት ዓመት ምርትና ዋጋ ይታያል፣ አፈሩ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከመቶ።

ዮናስ፦ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ!

ሂሩት፦ አዎ! የጃንሆይ ጊዜው የመሬት ግብር ምደባ! አያቴ ስታወራ ሰምቼዋለሁ።

ዮናስ፦ አያቴ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ቀላጁ፣ መሬት ለኪው፣ ሲመጣ ሰው ሁሉ መሬቱን ያማ ነበር። «ኧረ የእኔ ጠፍ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ በቅሎ እንኳ አይግጥበትም።» ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ ግን ያው መሬት ለም ይሆናል።

ሂሩት፦ (ረጅም ሳቅ) አዮዋ ግን ማማት አይቻልም። የአፈር ካርታው አለ።

ዮናስ፦ አፈሩም ማትሪክ ይፈተናል በይኛ። እዛ አገር ያልተፈተነ የለም።

ሂሩት፦ መሥሪያ ቤቶቹንም አስታውስ። በ2023 ከ37 ወደ 16 አወረዷቸው። ገንዘቡ ግን አሁን ከሚገባው የሚወጣው በልጧል። የጎደለውን ከተቀማጭ እየሞሉ ነው። መንግሥት «ተቀማጩ ለዚሁ ነው የተጠራቀመው» ይላል። ተቃዋሚው «ሲያልቅስ?» ይላል።

ዮናስ፦ አንቺስ?

ሂሩት፦ እኔ… ተቀማጩ ትልቅ ነው። ግን «ሲያልቅስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄን ሌላ ቀን እንመለስበት።

ዮናስ፦ ይኸው፣ ስትሸነፊ «ሌላ ቀን»።

ሂሩት፦ አልተሸነፍኩም፣ ሰዓት አለቀ። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ አዮዋን ለቀህ ስትወጣ ሰባቱ አሳማዎች የት ገቡ?

ዮናስ፦ እህቴ ጋ ቀሩ። አሥራ አራት አላት አሁን።

ሂሩት፦ ታውቃለች?

ዮናስ፦ ይሄን ክፍል ስትሰማ ታውቃለች።