የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አጋዘኖች በኖቬምበር መንገድ ላይ የሚበዙት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ማታ ማታ ታክሲ የሚያሽከረክሩ አድማጭ፣ «በጋውን ብዙም የማላያቸው አጋዘኖች ኖቬምበር ሲገባ አስፋልቱን ይሞሉታል። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው መጥተው ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ከየትም አልመጡም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበሩ። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚገኘው ነጭ ጭራ አጋዘን ወቅት ጠብቆ ረጅም መንገድ የሚፈልስ እንስሳ አይደለም። አንዲት ሴት አጋዘን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ትኖራለች፤ የጓሮ አትክልትና ጅረት በማይጠፋበት የከተማ ዳር ሰፈርማ ከዚያም ያነሰ ይበቃታል።

በመጸው የሚለወጠው ብዛታቸው ሳይሆን እንቅስቃሴያቸው ነው። የቀኑ ብርሃን ማጠር የሰውነታቸውን ሆርሞን ስለሚቀሰቅስ፣ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ የሚዘልቀው የመራቢያ ወቅታቸው በኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ይበረታል። በዚህ ጊዜ ወንዱ መብሉን ሳይቀር ችላ ብሎ ሴት ፍለጋ ቀንና ሌሊት ይባዝናል፤ ሴቷም ከሚያሳድዳት ወንድ ስትሸሽ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገድ ታቋርጣለች። ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው ጎረምሶችም አዲስ መኖሪያ ፍለጋ ከተወለዱበት አካባቢ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚሄዱት በአብዛኛው በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ላይ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ብዙ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት አጋዘኖቹ ከሚንቀሳቀሱበት ድንግዝግዝ ጋር ይገጥማል፤ ለአሽከርካሪ ከሁሉ የከፋው ይህ መገጣጠም ይመስለኛል። አንድ አጋዘን ካለፈ በኋላ ሌሎች ሊከተሉት ስለሚችሉ ፍጥነትዎን ቶሎ አይጨምሩ። ድንገት ከፊትዎ ቢገባም መስመርዎን ሳይለቁ ፍሬን ይያዙ፤ መሪ ጠምዝዞ ዛፍ ወይም ሌላ መኪና መግጨት አጋዘኑን ከመግጨት የባሰ ጉዳት ያስከትላልና።

ጥያቄ፦ «ታዲያ በእርግጥ የሚፈልሱ አጋዘኖች የሉም?»

መልስ፦ አሉ፤ የሚያስገድዳቸው ግን ብርዱ ራሱ ሳይሆን መኖውን የሚሸፍነውና እግራቸውን የሚይዘው በረዶ ነው። በሚሺጋን ሰሜናዊ ክፍል የሚገኙት ነጭ ጭራ አጋዘኖች በክረምት ጥቅጥቅ ወዳለ የጥድ ዓይነት ደን ይሰባሰባሉ፤ ቅርንጫፎቹ በረዶውን ስለሚያስቀሩ ከሥር መራመድ ይቀላቸዋል። በዋዮሚንግ ደግሞ ሙል ዲር ከሚባሉት ጆሮ ሰፊ አጋዘኖች አንዳንዶቹ ክረምቱን ሬድ ዴዘርት በሚባለው ደረቅ ሜዳ ያሳልፉና፣ በጸደይ በረዶው እየቀለጠ የሚበቅለውን ለጋ ሣር እየተከተሉ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሆባክ ወደሚባለው ተራራማ አካባቢ ይደርሳሉ። በየዓመቱ ያንኑ መንገድ ስለሚይዙ፣ መካከል ላይ አንድ አጥር ወይም አዲስ ሰፈር መሠራቱ ጉዟቸውን በሙሉ ሊያውክ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እናት፣ በጁን ወር ጓሯቸው ውስጥ ብቻዋን ተኝታ ያገኟት ግልገል ከመንጋው ጠፍታ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ አልጠፋችም፤ እናቷ ደብቃት ለግጦሽ ሄዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልገሏ እናቷን ተከትላ መሮጥ ስለማትችል ጸጥ ብላ ትተኛለች፤ እናቷም እየተመላለሰች ታጠባታለች። ሰው አጠገቧ ከቆመ ግን እናቲቱ ለመመለስ ትፈራለች፤ ስለዚህ አይንኳት፣ ውሻዎንም ቤት ያስገቡት።