እናቴ መቼ እሺ አለች?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እናቴ ስልክ ነው።

እናቴ መልእክት ሲገባላት የያዘችውን ጥላ ነው የምትሮጠው። ባለፈው እሁድ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ፣ «እስቲ እዪልኝ፣ ወንድምሽ ብር አስገብቶ ይሆናል» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ብር አልገባም። በቀን 2 ብር እየቆረጥኩ ዕጣ ውስጥ አስገባሻለሁ የሚል ማስታወቂያ ነው። ከሥሩ፣ ለማቆም «ስቶፕ» ብለው ይላኩ ይላል፤ ቃሏ የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እናቴ የምታውቀው ሀ ሁን ብቻ ነው። አነበብኩላት። ቢላዋውን እንደያዘች፣ «እኔ መቼ እሺ አልኳቸው?» አለችኝ።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ አንቀጽ 15ን እዩት። ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ብሎ፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ ኢሜይል ወይም ተመሳሳይ የኮምፒውተር መልእክት ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ አለበት። ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። ስልክስ ኮምፒውተር ነው ወይ ትሉ ይሆናል። አዋጁ ቃሉን ሰፋ አድርጎ ነው የተረጎመው፤ መረጃ የሚያቀናብር፣ የሚያከማችና የሚያሰራጭ መሣሪያ ይገባበታል። እንደኔ አነባበብ የእናቴም ስልክ አለበት።

«አስቀድሞ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። መጀመሪያ ይጠይቁሻል እንጂ፣ ከላኩብሽ በኋላ አቁሙልኝ ብለሽ የምትለምኚ አንቺ አይደለሽም። በኢሜይል ለሚላክ ማስታወቂያ አዋጁ ትንሽ በር ከፍቷል፤ ላኪው እውነተኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከጻፈ፣ አልፈልግም የሚባልበት የሚሠራ መንገድም ካስቀመጠ ወንጀል አይሆንም። እናቴ የማታነበው ቃል ግን ለኔ የሚሠራ መንገድ አይደለም። በር ሠርቶ ቁልፉን እንደመደበቅ ነው።

«2 ብር ምን አላት?» የሚሉኝ አሉ። በወር 60 ብር ነው። ደግሞ ያ ሩጫዋስ? ልጄ ነው ብላ ነው እኮ የምትሮጠው።

እናንተም መልእክቱን አታጥፉት። ቀኑና የላኪው ቁጥር እንዲታይ ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ ለቴሌኮም ድርጅታችሁ አመልክቱ፤ እሱ መፍትሔ ካልሰጣችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን ቅሬታ ይቀበላል።

እኔ የእናቴን 14 መልእክቶች አስቀምጫለሁ። ማክሰኞ ለማመልከት አብረን እንሄዳለን። ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አስጥታዋለች።