የመጣውን ብቻ ሳይሆን የሄደውንም ጻፉ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እናንተም ተፈናቃይ ልትመዘግቡ ነገ ጠዋት ፎርምና ታብሌት ይዛችሁ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ጃሬ፣ ወደ ኮምቦልቻ የምትወጡ ልጆች። ንግግር አድርጊ ስባል ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ይሄን ነገር በቃሌ ስጀምረው እንባ ይቀድመኛል፣ ስለዚህ እያነበብኩ ነው የማወራችሁ፣ አብሽሩ ብዙ አላቆያችሁም።

እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። በ2013 ነሐሴ ላይ በሰሜኑ ጦርነት ከቆቦ፣ ከወልዲያ፣ ከመርሳ የሸሸ ሰው እየጎረፈ ሲገባ የኛም ትምህርት ቤት እንደሌሎቹ ተከፈተ። ክረምት ስለነበር ተማሪ የለም፣ ዴስኩን ወደ ግድግዳ ገፍተን መሬቱ ላይ ካርቶን አነጠፍንና በአንድ ክፍል ስምንትም ዘጠኝም ቤተሰብ አስገባን። መዝግቢ ያለኝ ማንም የለም። ግን በሁለተኛው ቀን ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዘው የመጡ የሰፈር ሰዎች ስንት ናቸው ብለው ሲጠይቁ አንዱ ሁለት መቶ ሲል ሌላው አራት መቶ ሲል ሰማሁና ሱቅ ሄጄ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ አምስት ቦታ ከፈልኩት። ስም እስከ አያት፣ የመጡበት ወረዳና ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን፣ መጨረሻ ላይ ሥራ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መመዝገብ ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ወሎ ውስጥ ሰይድ አሊ ብላችሁ ብትጠሩ ከአንድ ክፍል ስንት ሰው ነው አቤት የሚለው። አያት ካልጠየቃችሁ ጉድ ነው፣ አያትም አንዳንዴ አይበቃም፣ ገበያችሁ የት ነው፣ የማን ሰፈር ናችሁ ማለት አለ። ደግሞ ፊደላችን አለ። ሙሐመድን አንዱ መሀመድ ብሎ ይጽፈዋል፣ አንዱ መሐመድ፣ አንዱ ሞሐመድ፣ ኃይሉን ደግሞ በሶስቱም ሀ ይጽፉታል፣ ሰው ሲያነበው አንድ ነው ኤክሴል ላይ ሲገባ ግን ሶስት ሰው ይሆናል። በኋላ የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ስናገጣጥም አንዲት እናት ሶስት ቦታ ላይ ሶስት ሰው ሆና ተገኘችና አጭበርባሪ ተባለች፣ ሰው ፊት ቆማ ስትሰደብ አይቻለሁ። ምን አደረገች? ልጇ በተቅማጥ ሲታመምባት ለጤና ጣቢያ ወደሚቀርበው ትምህርት ቤት ዞረች፣ እዛ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ወደኛ መጣች፣ ሶስት ቦታ መጣች ብለን ጻፍናት፣ ሄደች ብሎ የጻፈ ግን አንድም የለም። ጥፋቱ የኛ የመዝጋቢዎቹ ነው፣ የኔም ጭምር።

እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይሄው ነው። ሁላችንም የመጣውን እንቆጥራለን፣ የሄደውን የሚጽፈው የለም። ሰው ደግሞ በጦርነት ጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከቆቦ ወልዲያ፣ ከወልዲያ ውርጌሳ፣ ከውርጌሳ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዛ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ድረስ። ጄኔቫ የሚገኘው የውስጥ መፈናቀል መከታተያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ በግጭትና በጥቃት የተነሳ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል ብሎ ነበር፣ እስከዛ ጊዜ ድረስ በአንድ አመት በአንድ አገር ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ። ብዙ ሰው ይሄን 5.1 ሚሊዮን ሰው ብሎ ነው የሚያወራው። አይደለም። እንቅስቃሴ ነው የተቆጠረው፣ አንድ ሰው ሶስቴ ከሸሸ ሶስቴ ይቆጠራል። አመቱ ሲያልቅ በግጭት ምክንያት ተፈናቅሎ የነበረው ሰው ወደ 3.6 ሚሊዮን ነው ተብሎ ነው የተገመተው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን መሰላችሁ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰ አለበት፣ ደግሞ ደጋግሞ የተነሳ አለበት፣ አንድ ቦታ አረፍኩ ብሎ ውሃ ሳይጠጣ እንደገና ልጁን ያዘለ ሰው ማለት ነው።

የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ማለትም አይኦኤም ዲቲኤም የሚለው የተፈናቃይ መከታተያ አሰራር አለው፣ ከናንተም አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ነው የተጀመረው። መዝጋቢው ወደ ሳይቱ፣ ተፈናቃዩ ወደሰፈረበት ቦታ ማለት ነው፣ ይሄድና የተፈናቃይ ኮሚቴውን፣ የቀበሌ ሰውን፣ አዋላጇን፣ ሽማግሌውን ያነጋግራል፤ ስንት አባወራ አለ፣ ከየት መጣ፣ መቼ መጣ፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ውሃ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል እያለ ይሞላል። ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሰው ከየት ወዴት ብሎ መጠየቅ ነው። ይሄ ለእቅድ ነው፣ የት ስንት ኩንታል የት ስንት ሸራ ይሂድ ለማለት። የስም ዝርዝር አይደለም። እባካችሁ ይሄን ለሰው ስትገቡ መጀመሪያ ተናገሩት፤ እኛ ጋ የሚመጡት "ተቆጥሬ ነበር እኮ ስንዴው የታለ?" ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው፣ የጠየቃቸው ሰው ለምን እንደሚጠይቅ አልነገራቸውም።

ደግሞ ሳይት ላይ ያለው ብቻ አይደለም ተፈናቃይ። ደሴ ውስጥ አብዛኛው ዘመድ ቤት ነው የገባው፣ ደሴ ዘመድ የሌለው የወልዲያ ሰው ከየት ይመጣል? አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አስራ አራት ሰው አድረው፣ እንጀራው ለአስራ አራት ተቆራርሶ፣ አከራይ እየተቆጣ፣ እነሱ በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም። ሸዋ በርም ሰኞ ገበያም ሰፈር ለሰፈር ዞራችሁ በር ካላንኳኳችሁ አታገኟቸውም፣ ተቸገርን ብለው አይወጡም፣ ያፍራሉ።

አሁን ወደ ጥቅምት ልግባ። ጥቅምት 19 ለ20 አጥቢያ፣ 2014። ተኩሱ ቀርቧል፣ ሰው መነሳት ጀምሯል፣ በደብተር አንድ በአንድ ልጽፍ ብል የሚሆን አይደለም። ሰባተኛ ቢ ክፍል ገባሁና ጠመኔ አወጣሁ፣ የምትችሉ ስማችሁንና የምትሄዱበትን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ለማይችል ጻፉለት አልኩ። በስልክ መብራት ነው የተጻፈው። ሰሌዳው ሞልቶ ግድግዳው ላይ ቀጠሉ። "እኛ ወደ ከሚሴ፣ እማ ከመጣሽ አትቁሚ ነይ።" "የአህመድ ልጆች ከአክስታቸው ጋ ባቲ።" "ኮምቦልቻ መናኸሪያ እንጠብቃለን።" ከዛ ሁላችንም የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ አይሱዙ ያገኘ በአይሱዙ፣ ባጃጅ ያገኘ በባጃጅ፣ እኔና ብዙዎቹ በእግር፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ አሮጊት ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት። ኮምቦልቻ ስትደርስ መንገዱ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ወደ ባቲ አንዱ ወደ ከሚሴ፣ እዛ ጋ ቆሞ የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ ሁሌ፣ አንድ ሰው ወንበር ይዞ።

ኮምቦልቻ ዘመዴ ቤት ገባሁ፣ ያ ከተማም ወዲያው ተያዘ፣ ስልክ ተቋረጠ። ደብተሩ ከኔ ጋ ነው። ያቺ ሥራ የምትለዋን ቦታ አስታወሳችሁ? ምን ብዬ እንደጻፍኩባት ያን ማታ አነበብኩት። "ባሏ ሚሊሻ።" "ወንድሙ መከላከያ።" "ፖሊስ።" "የቀበሌ ሊቀመንበር።" ማንም አስገድዶኝ አይደለም፣ መምህር ስለሆንኩ ፎርም ሙሉ ሲሆን ደስ ይለኛል፣ በቃ ያንን ነው የጻፍኩት። ቤት ለቤት ፍተሻ አለ ሲባል አስራ አንድ ገጽ ቀደድኩና ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠልኩት። ወረቀቱ ሲጠቀለል ስሞቹ ለትንሽ ጊዜ ይታዩ ነበር። እና በነዚያው ገጾች ጠርዝ ላይ በመጨረሻው ሳምንት ማን ወዴት እንደሄደ መጻፍ ጀምሬ ነበር፣ ያም አብሮ ነደደ።

ኅዳር 27 ከተሞቹ በመንግስት ጦር ተመልሰው ሲያዙ በዛው ሰሞን ወደ ደሴ ወጣሁ። ዴስኮቹ ለማገዶ ነድደዋል፣ ቢሮው ተበርብሯል፣ የሰባተኛ ቢ ሰሌዳ ግን ግማሹ ነበር። ታህሳስ ላይ አንዲት እናት መጣች፣ ከወልዲያ አካባቢ ናት፣ ማንበብ አትችልም፣ የጎረቤት ልጅ እያነበበላት "የአህመድ ልጆች" ሲል እጇን ወደ ሰሌዳው ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው፣ እንዳይጠፋ። ባቲ ሄደች። አገኘቻቸው።

በዛው ሳምንት አንድ ሰውዬ መጣ። ሚስቴ እናንተ ጋ ነበረች አለኝ። አውቃታለሁ፣ አራተኛ ኤ ክፍል ነበረች፣ ከተማው ከመያዙ ሶስት ቀን ቀደም ብላ ነው የወጣችው፣ ወዴት እንደምትሄድ ነግራኝ ጽፌዋለሁ። ግን አቃጥዬዋለሁ። ብጨነቅ ብጠበብ አልመጣልኝም። ከሃምሳ በላይ ቤተሰብ ነው በዛ ሳምንት የተሰናበትኩት። ምን ልበለው?

ስለዚህ ልጆች። ከየት መጣችሁ ስትሉ ከዚህ ወዴት ታስባላችሁ በሉ፣ ፎርሙ ላይ ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ ጻፉት፣ እናንተ በሌላችሁበት ለሚነሳ ሰው ከየሳይቱ አንድ ሰው ወክሉና ደብተር ስጡት፣ ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ ግን ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። የሚታወቅ ዘመድ ስልክ አንድ ያዙ፣ የራሱ ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል፣ ቻርጅ የለውም። ሴቶችን በባላቸው ስም ስር አትደብቋቸው። አገራችን በ2020 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአፍሪካ ህብረት የተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላ ስምምነት የሚባለው፣ አንቀጽ 13 ላይ መንግስት የተፈናቃዮችን መዝገብ ወቅቱን ጠብቆ ያድስ ይላል፣ መታወቂያው የጠፋበት ሰው ወደ ቀድሞ ቀበሌህ ተመለስና አምጣ ሳይባል ምትክ ይሰጠው ይላል፣ ሴትም ወንድም ከቤተሰብ የተለየ ልጅም በራሱ ስም ሰነድ የማግኘት እኩል መብት አለው ይላል። ባሏ የጠፋባት ሴት በባሏ ስም የወጣ ካርድ ይዛ ሰልፍ ላይ ስትመለስ አይቻለሁና ነው። ብቻውን የመጣ ልጅ ካገኛችሁ ለቀይ መስቀል አሳውቁ፣ ቤተሰብ ማፈላለግና ማገናኘት ስራቸው ነው።

ብሔር አትጠይቁ። የማን ወገን ናችሁ አትጠይቁ፣ ማን ዘምቷል አትጠይቁ፣ ቢነግሯችሁም አትጻፉት። ዱቄት ለመስጠት ያንን ማወቅ አያስፈልግም። ዝርዝሩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፣ ለመርዳት ብላችሁም ቢሆን፣ አንዴ ከወጣ ማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። ቁጥሩ ለሁሉም ይሂድ፣ ስሙ ግን ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ። ጃሬ መጠለያ ያሉት ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ወገኖቻችን ስንት ጊዜ ተቆጥረው እንደሰለቹ ስትሄዱ ታያላችሁ፣ ቢቆጧችሁ አትቀየሙ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፣ ይሄው። የተቀደደበት ቦታ ይታያል። የሰውዬው ስልክ ከኋላ ሽፋኑ ላይ አለ፣ እስካሁን በየበዓሉ እየደወለ ይጠይቀኛል፣ የሚስቱን ስም እስከ አያት ለናንተ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስንጨርስ በሩ ጋ እቆማለሁ፣ ነገ የምትወጡ ሁላችሁ ከኔ ወስዳችሁ በየደረሳችሁበት ጠይቁልኝ።