ደረጃው ሥር አንጠብቅም

የተከበራችሁ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን አባሎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በኦሮምኛም፣ በጋ ነጋን ዱፍተን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የጅማ መንገድ ጭቃ ሆኗል። ክራንች ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከቆጪም፣ ከሂርማታም፣ ከአጂፕም በዚህ መንገድ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የምፈልገው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። የጥበቃ ሠራተኛው ቅን ልጅ ነው፤ «እትዬ፣ እኔ ላድርስልዎት» ብሎ ወረቀቴን ይዞ ወጣ። እኔ ደረጃው ሥር ቁጭ አልኩ። ተመልሶ «አይሆንም ብለዋል» አለኝ። ለምን? እሱ አያውቅም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ፓርላማም ለእኛ እንደዚያ ፎቅ ነው። ጉዳያችንን ሌላ ሰው ይዞልን ይወጣል፤ እኛ ታች ሆነን መልስ እንጠብቃለን። በምክር ቤቱ ለአካል ጉዳተኛ ሴት የተለየ ወንበር ይኑር የምለው ለዚህ ነው።

ጎረቤቶቻችን ጋ እንዲህ አይደለም። ክሪስታል አሲጌ የምትባል ኬንያዊት አለች። ዘፋኝ ናት። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ዓይኗን አሳጣት። በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴኔት ገባች፤ ሴኔት ከኬንያ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ ነው። ያስገባት የሰው ርኅራኄ አይደለም፤ የኬንያ ሕገ መንግሥት በሴኔቱ ውስጥ አካል ጉዳተኞችን የሚወክሉ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ይኑሩ ስለሚል ነው። እሷም ወንበር ለማሞቅ አልተቀመጠችም። የአካል ጉዳተኞችን ረቂቅ ሕግ ራሷ አቀረበች፣ ተከራከረችበት፣ በ2025 ጸደቀ። ከኬንያ ወዲያ ያለችው ኡጋንዳም በፓርላማዋ አምስት የአካል ጉዳተኞች ወንበር አላት፤ ቢያንስ አንዱ የሴት ነው።

እኛ ወረቀት አላጣንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንጻ ለእኛ እንዲመች ተደርጎ ይሠራ ይላል። በ2002 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጽድቀናል። ያጣነው ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ «ያ ደረጃ ለምን እስከ ዛሬ አለ?» የሚል የራሳችንን ሰው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ልዩ ወንበር መጠየቅ ልመና ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። አልስማማም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ ወንበር ይሰጣል። ያንን ማንም ልመና አላለውም።

ሴት ትሁን የምለውስ ለምንድን ነው? ምጥ ይዟት ስትሄድ የማዋለጃው አልጋ ከፍ ብሎባት ከዊልቸሯ መውጣት ያልቻለች እህታችን እዚሁ መሃላችን ተቀምጣለች። ወንድሞቻችን ሊናገሩላት ይችላሉ። ይናገሩላትም። ግን ያም ያው ደረጃው ሥር መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳ ይህን ወንበር ለመጠየቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምንጽፈው ደብዳቤ ነው። ጸሐፊያችን ረቂቁን ታነብልናለች። በብሬል የምትፈልጉ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ። መስማት የተሳናችሁ አባሎቻችን ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው እዚያ ቆመዋል። ያልተስማማችሁበት ቃል ካለ እጅ አውጡ፣ እናስተካክለዋለን። ቡናው ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል።